የመድረክ ዲዛይን ምንድን ነው?

የመድረክ ዲዛይን ሲባል ብዙ ሰው ቀለም መቀባትና ሶፋ መደርደር ይመስለዋል። ያ ከሥራው ትንሹ ነው። ዲዛይነሩ ተዋናዩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ማን ከፍ ማን ዝቅ ብሎ እንደሚቆም፣ ብርሃኑ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚታየው ይወስናል። ሲያስፈልግም ተመልካቹ ራሱ የት እንደሚቀመጥ።

ይህን ለመረዳት ሁሉ ከሞላበት ቴአትር ቤት ይልቅ ሁሉ የጎደለበትን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራዬቮ በቦስኒያ ሰርቦች ጦር ከተከበበች ዓመት አልፏት ነበር። መብራትና ውኃ ብርቅ ነበሩ፤ ተኩሱም አላባራም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ በዚያው ዓመት ወደ ከተማዋ ገብታ፣ የአየርላንዳዊውን ጸሐፌ ተውኔት የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ» የተሰኘ ተውኔት ከአገሬው ተዋንያን ጋር አዘጋጀች። ነሐሴ ወር ላይም ለሕዝብ ታየ።

ቤኬት ለመድረኩ የጠየቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ የገጠር መንገድ፣ አንድ ዛፍ፣ ምሽት። እንዲህ ያለ ተውኔት ለዲዛይነር ቀላል ይመስላል። እንደ እኔ ግን ከባዱ ይኸኛው ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ ሲኖር አንዱም ያለ ምክንያት ሊቀመጥ አይችልም።

ዲዛይነሯ ኦግኔንካ ፊንቺ ነበረች። በመድረኩ የኋላ ክፍል ከወለሉ ከፍ ያለ ሌላ መድረክ ተሠራ፤ ዛፉም እዚያ ቆመ። የዚህ ከፍታ ፊት የተሸፈነው ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ነው። ላስቲኩን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ያመጣው መስታወታቸው የረገፈ መስኮቶች በቅዝቃዜው ወራት እንዲሸፈኑበት ነበር። ያንኑ ላስቲክ በመስኮቱ የወጠረ ተመልካች «ይህ መንገድ የት አገር ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ገንዘብ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የተሻለ ጨርቅ ይገኝ ነበር ብዬ አላምንም።

መድረኩ የሚበራው በሻማ ነበር። የሻማ ብርሃን ደግሞ ከሩቅ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ፊት አያሳይም። ስለዚህ ተመልካቹ ከአዳራሹ ወንበሮች ይልቅ እዚያው መድረኩ ላይ፣ በእንጨት ርብራብ ተቀመጠ። ዲዛይን ማለት እንግዲህ ይህም ነው፤ መብራቱን ማጉላት ካልተቻለ ሰውን ወደ መብራቱ ማምጣት።

ሶንታግ በተውኔቱ ጎዶ የሚባለውን ሰው የሚጠብቁትን ሁለት ሰዎች ሦስት ጥንድ አድርጋቸዋለች፤ ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ጥንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ በወለሉ ላይ ሆነው አልፎ አልፎ ወደ ከፍታው ይወጣሉ። ከፍታው ባይኖር ኖሮ ስድስት ሰው በአንድ ወለል ላይ ይተራመስ ነበር።

የመድረክ ቁሳቁስ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ለአንዱ ገጸ ባሕርይ የሚያስፈልገው ካሮት በመጥፋቱ፣ ልምምዱ ሶንታግ ከሆቴሏ በምታመጣው ደረቅ ዳቦ ተካሄደ። ዳቦው ለተራቡት ተዋንያን ምግብም ነበር።

የቀረበው የመጀመሪያው ገቢር ብቻ ነው። ቤኬት ዛፉ ጥቂት ቅጠል እንዲያወጣ የሚያዝዘው በሁለተኛው ገቢር ስለሆነ፣ ፊንቺ ቅጠል መሥራት አላስፈለጋትም።