የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ፦ አንድ ማዕድን፣ ሁለት ዓለት

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እሳተ ገሞራ በተፋው ዓለት ላይ ነው። ባዛልት፣ ትራካይት፣ ኢግኒምብራይት፤ ከእንጦጦ ጀምሮ ቁልቁል ያለው ይኸው ነው። ለመሠረት የሚገባው ጥቁር ድንጋይም ሆነ ኮብልስቶኑ ከዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ሴዲመንታሪ የምንለው ዝቃጭ ዓለትና ሜታሞርፊክ የምንለው ልውጥ ዓለት ለከተማዋ እንግዶች ናቸው። ሆኖም ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም ሳያይ አያልፍም። አንዱ ሲሚንቶ ሆኖ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ሌላው የባንክ ደረጃና የሆቴል ወለል ሆኖ ያብረቀርቃል።

ሁለቱን የዓለት ዓይነቶች ለማነጻጸር ከዝቃጩ የኖራ ድንጋይን፣ ከልውጡ እብነ በረድን ወስዶ ጎን ለጎን ማየት ከሁሉ ይቀላል። ሁለቱም በዋናነት ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠሩ ናቸው። ልዩነታቸው ያሳለፉት ታሪክ ነው።

የኖራ ድንጋይ የባሕር ልጅ ነው። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ጥልቀት የሌለው ባሕር ሸፍኖት ነበር። የባሕር እንስሳት ቅርፊትና የኖራ ጭቃ ታች እየዘቀጠ፣ በላዩ ሌላ እየተደረበ፣ እየተጫነ ደነደነ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ እሳተ ገሞራው መጥቶ ሁሉንም ቀበረው። መልሰው ያወጡት አባይና ገባሮቹ ናቸው፤ ሸለቆውን ሲቦረቡሩ ንብርብሩ ተገለጠ። የአባይ በረሃን መንገድ የወረደ ሰው በግድግዳው ላይ ያየዋል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም እዚያ የተተከለው ይህን ድንጋይ ብሎ ነው። የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ በ1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቃጠል የሲሚንቶ ጥሬው ክሊንከር ይገኛል። በኬሚስትሪው ከሄድን እብነ በረድም ሲሚንቶ ይወጣዋል፤ ግን ማን እንደዚያ ያባክነዋል?

እብነ በረድ ደግሞ ዱሮ የኖራ ድንጋይ የነበረ ነው። መሬት ውስጥ በጥልቀት ተቀብሮ ሙቀትና ግፊት ሲበዛበት ቅንጣቶቹ እንደ አዲስ ያድጋሉ፤ እርስ በርስም ይቆላለፋሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ዓለቱ አይቀልጥም። ከቀለጠማ ሌላ ዓለት ሆነ ማለት ነው። ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ ነው የሚለወጠው። በዚህ መሀል የቅርፊቶቹ ቅርጽ ይጠፋል። በነጩ ላይ የምናያቸው ግራጫና አረንጓዴ ሞገዶች ከኖራው ጋር የነበረው ጭቃና ሌላ ቆሻሻ ትራፊ ናቸው። በጣም የምንወደው መልኩ ከጉድፉ የመጣ ነው። በአገራችን እብነ በረድ በተለይ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝና ከትግራይ ይወጣል። ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ስለሆነ ከአባይ ሸለቆው ኖራ በብዙ ይበልጣል።

ቅሪተ አካል ፈላጊዎች ዝቃጭ ዓለት ላይ የሚያተኩሩትም ዓለት ሲለወጥ የቅርፊቶቹ ቅርጽ ስለሚጠፋ ነው። 5 ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የምናውቃት ድንቅነሽ ወይም ሉሲ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት፣ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው ወንዝና ሐይቅ ካስቀመጡት ደለል ውስጥ ነው። ያ ደለል እንደ እብነ በረድ ሙቀትና ግፊት ቢፈራረቅበት ኖሮ ድንቅነሽ የሚባል ነገር አናይም ነበር።

አሸዋ ድንጋይም ሲለወጥ ኳርትዛይት ይሆናል። አሸዋ ድንጋይ ሲመታ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል፤ በኳርትዛይት ግን ስንጥቁ ቅንጣቶቹን ራሳቸውን ቆርጦ ያልፋል።

ወደ ኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ስንመለስ፣ ሁለቱን በእጅ ለመለየት አሲድ አይረዳም። ሁለቱም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲልባቸው አረፋ ይደፍቃሉ፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቢላዋም አይለያቸውም፤ ሁለቱንም ይጭራል። የሚለየው ስባሪያቸው ነው። እብነ በረድ አዲስ ሲሰበር እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። የኖራ ድንጋይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ነው፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀንድ አውጣ የመሰለ ቅርፊት ታገኙበታላችሁ።

በሰፈራችን ግን የሚያብረቀርቅ ሁሉ እብነ በረድ ይባላል። ግራናይቱም፣ ፖርስሊኑም። ገዢ ከሆናችሁ የማይታይ ጥግ ላይ በቢላዋ ጫር አድርጉት፤ ግራናይትና ፖርስሊን በቀላሉ አይጫሩም። ለኪችን መደርደሪያ ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ እውነተኛው እብነ በረድ ቢቀር ይሻላል። ሎሚ ወይም አቸቶ ከፈሰሰበት ካልሳይቱን ይበላዋል። በላዩ የሚቀረው ምልክት እድፍ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም፤ ባለሙያ ጠርቶ እንደገና ማስለስለስ ነው።