የምንጭ ምርመራ ምንድን ነው?

ሐረር ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» እየተባለ ለጎብኚ የሚታየውን ባለፎቅ ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1891 እ.ኤ.አ. ሲሞት ይህ ቤት ገና አልተሠራም ነበር፤ እሱ የኖረበት የቀድሞ ቤት በዚያው ቦታ ላይ ነበር ይባላል።

ስምን ከግንቡ፣ ወሬን ከዘመኑ ለይቶ እንዲህ መጠየቅ የምንጭ ምርመራ ይባላል። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍናና ቋንቋ ለመራጭ ዜጋ ከሚሰጡት ሁሉ እኛ የምናስቀድመው ይህንን ነው። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው፦ ማን አለ? መቼ? ለማን? ምን ፈልጎ?

«መቼ» ቀላል ይመስላል፤ ተማሪ ብዙ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ምኒልክ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ያሸነፉበት የጨለንቆ ጦርነት የተደረገው በጃንዋሪ 1887 እ.ኤ.አ. ስለሆነ 8 ተቀንሶ 1879 ዓ.ም. ይሆናል። የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በዲሴምበር 1902 ነውና የሚቀነሰው 7 ነው፤ 1895 ዓ.ም.። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማብቂያ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ደግሞ 8 ነው። የሐረር የድሮ የእጅ ጽሑፎች በሒጅራ ሲቆጠሩ ደግሞ የማይለወጥ ቁጥር መቀነስ ጨርሶ አያዋጣም፤ የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራልና።

«ማን» የሚለውን አንዳንዴ ስም ብቻውን ይናገራል። በአማርኛ ሸዋ በር የምንለው የጀጎል ግንብ በር በሐረሪኛ አስማዲን በሪ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ሁለት በር ይቆጥራል።

ለዜጋ የሚጠቅመው እንዲህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው ፈጅቷል። የዚያን ጊዜ ፎቶ «ዛሬ ሌሊት» ተብሎ በቴሌግራም ቢመጣ፣ ከማጋራት በፊት መጀመሪያ የለጠፈውን መፈለግ፣ ድልድዩንና ሕንፃዎቹን አሁን ካሉት ጋር ማስተያየት፣ እዚያው ሰፈር ያለ ሰው ጋ መደወል ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ከባድ ስሕተት አለ፤ ምርመራን ሁሉን ከመካድ ጋር ማምታታት። «ሁሉም ይዋሻል» ያለ ሰው መመዘኛ ስለማይኖረው የወገኑን ወሬ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ክርክርም ምርጫም እዚያ ላይ ይሞታል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ስለ ጨለንቆ የአሸናፊውንና የተሸናፊውን ወገን ትረካ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ መጀመሪያ ሁለቱም የተስማሙበትን ማስመር ይሻላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መምህሩም መልሱን ቀድሞ አይናገር።