የጭንቅላት ግፊትን በዓይን በኩል መለካት ምንድን ነው?

በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሰው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ እንበል። ራሱን ስቷል፤ የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ያመው እንደሆነ አይጠየቅ ነገር። ሐኪሞቹን የሚያስጨንቃቸው ግን ውጭ የሚታየው ቁስል ሳይሆን በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት ነው።

የራስ ቅል አጥንት ስለሆነ አይለጠጥም። ውስጡ አንጎል፣ ደምና በአንጎል ዙሪያ የሚዘዋወር ጥርት ያለ ፈሳሽ አሉ። ሞልቶ ባለ ሚኒባስ ረዳቱ አንድ ሰው ሲጨምር የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አንጎል ሲያብጥ ወይም ደም ሲፈስ መጀመሪያ ፈሳሹ ይጠጋጋል፤ መጠጋጊያው ሲያልቅ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል።

ጋደም ባለ ጤነኛ አዋቂ ግፊቱ ከ7 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊትም የሚለካበት አሃድ) ነው። በ2016 የወጣው የአሜሪካው ብሬን ትራውማ ፋውንዴሽን መመሪያ ከ22 ካለፈ ይታከም ይላል። ምክንያቱ የመቀነስ ሒሳብ ነው። አማካይ የደም ግፊቱ 80 የሆነ ሰው የጭንቅላቱ ግፊት 30 ቢደርስ፣ ደም ወደ አንጎሉ የሚገፋው ኃይል 50 ብቻ ይሆናል። የሚፈለገው ደግሞ ከ60 እስከ 70 ነው።

አስተማማኙ መለኪያ የራስ ቅልን በስቶ ቀጭን ቱቦ ማስገባት ነው። ግን ሊያደማ፣ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። የነርቭ ቀዶ ሐኪምም ይፈልጋል። በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ አልትራሳውንድ ማግኘት ይቀላል።

ዓይን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዓይን ነርቭ ሽፋን የአንጎል ሽፋን ቅጥያ ስለሆነ ያው ፈሳሽ ይገባበታል። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲበዛ ፈሳሹ ወደዚያ ይገፋና ሽፋኑ ይነፋል። ሐኪሙ በተዘጋው የዓይን ቆብ ላይ ብዙ ጄል አድርጎ፣ የአልትራሳውንዱን ኃይል ለዓይን በሚመች መጠን ቀንሶ፣ መሣሪያውን ሳይጫን ያሳርፋል። ስክሪኑ ላይ ዓይኑ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል፤ ነርቩ ከኋላው ይወርዳል። ከዓይን ኳሱ ጀርባ 3 ሚሊሜትር ይወርድና የሽፋኑን ስፋት ከዳር እስከ ዳር ይለካል። ከዚያ ሌላኛው ዓይን። ቤተሰብ ይህን ሲያይ "ደግሞ ዓይኑ ምን ሆነ?" ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ካለው ክልል ሲያልፍ ግፊቱ ጨምሯል ተብሎ ይጠረጠራል። ቁርጥ ያለ ወሰን የለውም። የሚለካውም እጅ ትንሽ ሳት ቢል ውጤቱ ይለወጣል። ስለዚህ "ግፊቱ ስንት ነው?" ለሚለው መልስ አይሆንም፤ "ጨምሮ ይሆን?" ለሚለው ግን ጥሩ ፍንጭ ነው። በእኔ አስተያየት ዋጋው ያለው በድግግሞሹ ላይ ነው። ጠዋት 5.1 የነበረው ማታ 6.2 ከሆነና የብሌኑ ለብርሃን መልስ መስጠትም ከቀዘቀዘ፣ በሽተኛው ቶሎ ሲቲ ስካን ይነሳል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። በጆሮ ግንድ አጥንት በኩል የአንጎልን የደም ፍሰት የሚያይ ዶፕለር የተባለ የአልትራሳውንድ ዓይነት አንዱ ነው፤ አጥንታቸው ወፍራም በሆነ ሰዎች ላይ ግን አያሳይም። የዓይኑ ዘዴም የማይሞከርበት በሽተኛ አለ፦ ዓይኑ ራሱ በአደጋው የተቀደደ።