ባለፍሬም ቦርሳ፦ ጨርቅና ብረት የሚጋጠሙበት መንገድ

ባለፍሬም ቦርሳ የሚባለው አፉ በዚፕ ወይም በሚሳብ ገመድ ሳይሆን፣ ጫፎቻቸው በማጠፊያ በተያያዙ ሁለት የብረት ቅስቶች የሚከፈትና የሚዘጋ ቦርሳ ነው። በቅስቶቹ አናት ላይ የተተከሉት ሁለት ትንንሽ እንክብሎች ተፋጭተው ሲተላለፉ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማና አፉ ይዘጋል። ቦርሳውን ዘግቶ የሚይዘው ቁልፍ ወይም ማግኔት አይደለም፤ ራሱ ብረቱ በጥቂቱ ተገፍቶ እንደ ሞላ ወደ ቦታው መመለሱ ነው። የቦርሳውን ሆድ መስፋት መርፌና ክር ለለመደ ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ችሎታ የሚጠይቀው ለስላሳውን ጨርቅ ከማይታጠፈው ብረት ጋር አጋጥሞ እንዲጸና ማድረጉ ነው።

ብረት ከጨርቅና ከቆዳ ይልቅ ዕድሜ ስላለው፣ የጥንት ቦርሳዎችን ታሪክ የምናውቀው በአብዛኛው ከፍሬሞቻቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ አገር ሰተን ሁ በተባለው ቦታ ከአንድ የ7ኛው መቶ ዘመን መቃብር 37 የወርቅ ሳንቲሞችን የያዘ ቦርሳ ሲገኝ፣ ቆዳው በስብሶ ጠፍቶ የቀረው በቀይ ድንጋይ ያጌጠው የወርቅ ክፈፍ ብቻ ነበር። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን ወንዶች ከቀበቷቸው ያንጠለጥሏቸው ከነበሩት ቦርሳዎችም እስከ ዛሬ በአፈር ውስጥ የሚገኘው የመዳብ ቅይጥ ወይም የብረት ፍሬማቸው ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ የመልአኩ ገብርኤል ሰላምታ ለማርያም በላቲን ተቀርጾ ይነበባል። ከነሙሉ አካሉ የተረፈ ግን አልፎ አልፎ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተዘጋው የአምስተርዳም የቦርሳዎች ሙዚየም ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ የብረት ፍሬምና 18 ኪሶች ያሉት የ16ኛው መቶ ዘመን የወንድ ቦርሳ ነበር። ኪስ ከልብስ ጋር መሰፋት ከተለመደ በኋላ ወንዶች ቦርሳውን ቀስ በቀስ ተዉት። በ19ኛው መቶ ዘመን ፍሬም በማሽን እየተቀጠቀጠ በርካሽ መመረት ሲጀምር፣ ሴቶች በዶቃ የጠለፉትን ወይም በኪሮሽ የሠሩትን ከረጢት ከሱቅ በገዙት ፍሬም ላይ ራሳቸው መስፋት ቻሉ።

ዛሬ ይህ ሥራ ከየትኛውም አገር ይልቅ የሚታወቀው በጃፓን ነው። ፍሬሙ ከአውሮፓ የገባው እ.ኤ.አ. በ1868 በጀመረው በሜይጂ ዘመን ነው። ቀድሞ ብዙው ሰው የሚገለገልበት ሳንቲም መካከሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስለነበረው በገመድ እየተሰካ ይያዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 የን የአገሪቱ ገንዘብ ሆኖ በአዲስ መልክ የተቀረጹ ክብ ሳንቲሞች ሲወጡ፣ አፉ ሰፊ ሆኖ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ቦርሳ ተፈላጊ ሆነ። ስሙ ጋማጉቺ፣ ማለትም የጉርጥ አፍ፣ ነው፤ ሰፋ ብሎ የሚከፈተውን አፍና ጎበጥ ያለውን ሆድ አይቶ ስሙ አይገባውም የሚል ያለ አይመስለኝም። በጃፓንኛ እንቁራሪትን የሚጠራው ካኤሩ የሚለው ቃል ድምፁ «መመለስ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ በመሆኑ፣ የወጣ ገንዘብ እንዲመለስ ትንሽ የእንቁራሪት ምስል በቦርሳ ውስጥ የማኖር ልማድም አለ። በኪዮቶ ይህን ቦርሳ ብቻ የሚሠሩና የሚሸጡ ሱቆች ይገኛሉ፤ ከትልቁ ፍሬም ውስጥ ሌላ ትንሽ ፍሬም የተገጠመለት፣ «ወላጅና ልጅ» ተብሎ የሚጠራ ዓይነትም አለ።

ሥራው የሚጀምረው ከፍሬሙ ነው፤ ቦርሳውን ሰፍቶ ጨርሶ ለአፉ የሚሆን ፍሬም ፍለጋ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁን ያከስራል። ፍሬሙ ወረቀት ላይ ተጋድሞ የውጭ ጠርዙ በእርሳስ ይነደፋል፤ የሁለቱ ማጠፊያዎች ቦታም ምልክት ይደረግበታል። ከማጠፊያው በታች የሚሣለው መስመር የሆዱን ቅርጽ ይወስናል፦ ቀጥ ብሎ ከወረደ ቦርሳው ጠፍጣፋ፣ አፉም በደንብ የማይከፈት ይሆናል፤ ወደ ውጭ እየሰፋ ከሄደ ግን ሆዱም ይሞላል፣ እጅም እንደ ልብ ይገባል። ላይኛው ጨርቅና ገበሩ በዚሁ ንድፍ ተቆርጠው ይሰፋሉ፤ ጨርቁ ስስ ከሆነ በመካከል ጠንከር ያለ ማጠናከሪያ ይገባበታል። የጎን ስፌቱ ከታች ተነሥቶ የማጠፊያው ምልክት ላይ መቆም አለበት፤ ከዚያ ካለፈ አፉ ተይዞ አይከፈትም፣ ከዚያ በታች ከቆመ ደግሞ ሳንቲም የሚያሾልክ ቀዳዳ ይቀራል። የቅስቱ ርዝመት በክር ተለክቶ ከጨርቁ ጠርዝ ጋር ይመሳከራል። ጨርቁ በጥቂቱ ከረዘመ ትርፉን እያኮማተሩ ማስገባት ይቻላል፤ ካጠረ ግን መድኃኒት የለውም።

በብዛት የሚገኘው ፍሬም ከውስጥ በኩል እንደ ቦይ የተቦረቦረ ሲሆን፣ የጨርቁ ጠርዝ የሚገባው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። ጥንቁቅ ሠሪ መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ሞክሮ ይገጥመዋል፤ የጨርቁንና የቅስቱን መካከል ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ቦዩ ውስጥ በስንጥር ጫፍ ስስ አድርጎ ማጣበቂያ ይቀባል። እዚህ ላይ ቸርነት ይጎዳል፤ የተረፈው ማጣበቂያ ብረቱ ሲጫን ወደ ጨርቁ ይወጣል፣ ሐር ወይም ሳቲን ላይ ያረፈ ጠብታ ደግሞ አይለቅም። ማጣበቂያው ጥቂት እስኪይዝ ተጠብቆ የአንዱ ወገን ጨርቅ ከመካከል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ማጠፊያዎች ይገፋል፤ ሌላው ወገን የሚሠራው ይህኛው ከያዘ በኋላ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልጨርስ ያለ ሰው አንዱን ሲያስገባ ሌላው ሲወጣበት ይውላል።

ጀማሪዎች የሚዘነጉት፣ ጨርቁን በቦዩ ውስጥ የሚይዘው ማጣበቂያው ብቻ አለመሆኑን ነው። ከገበሩ በኩል በገመድ መልክ የተጠማዘዘ ወረቀት በካቻቢቴ ጠፍጣፋ ጫፍ እየተገፋ ቦዩ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ወረቀቱ ሲጨመቅ ክፍተቱን ይሞላል፣ ማጣበቂያውንም ጠጥቶ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ጨርቁን ከብረቱ ግድግዳ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ይህ ግፊት ነው። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ የወረቀቱ ገመድ ተፈትቶ ይቀጥናል፤ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ አስቀድሞ በቢላዋ ይሳሳል። ገመዱ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ እንዳያግደው ከቅስቱ ትንሽ አጥሮ መቆረጥ ይኖርበታል። በመጨረሻ በማጠፊያዎቹ አጠገብ ያሉት አራት የቦይ ጫፎች፣ ብረቱ እንዳይጫር በጨርቅ ተሸፍነው፣ ከውስጥ በኩል በፒንሳ ጠበቅ ይደረጋሉ። ቦርሳው ሲከፈትና ሲዘጋ ጨርቁ የሚጎተተው ከእነዚህ ቦታዎች በመሆኑ፣ በደንብ ያልተጨመቀ ፍሬም መልቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፍሬም ጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን ጨርቁ በመርፌ ይሰፋበታል። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ስሕተቱ ተተርትሮ የሚታረም ስለሆነ ለመማሪያ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በኪሮሽ ለተሠራና በዶቃ ለከበደ ከረጢትም ከሙጫ ይልቅ ክር ይታመናል። ስፌቱ ከአናት መካከል ተጀምሮ ግራና ቀኝ ይወርዳል፤ ከውጭ የሚታየውን ክር ለመሸፈን በየቀዳዳው ዶቃ የሚያስገቡ አሉ።

ቦርሳው ሲያረጅ ቀድሞ የሚያልቀው ጨርቁ ነው፤ ፍሬሙ ተነቅሎ ለሌላ ቦርሳ ይውላል። ለዚህም የተጨመቁት ጫፎች በጥንቃቄ ይከፈታሉ፣ የወረቀቱ ገመድ በወስፌ ተጎርጉሮ ይወጣል፣ በቦዩ ውስጥ የደረቀው ማጣበቂያም አሴቶን በተባለ የሚያሟሟ ፈሳሽ ረጥቦ ይፋቃል። አሴቶን ግን ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቀሩት፣ ከብረት ሳይሆን ሴሉሎይድ ከተባለ የቀድሞ ፕላስቲክ በተሠሩ ፍሬሞች ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ከማጣበቂያው ጋር ፍሬሙንም ያሟሟዋል።