ዝግ፣ ኅቡዕ፣ አድማ፦ የቱ ነው ምስጢሩ?

ጅማ ውስጥ ጀበና ቡና ከበን ቁጭ ብለናል። አንዱ ጎረቤታችን መሥሪያ ቤቱ "ዝግ ስብሰባ" መጥራቱን ነገረንና "ምን እየዶለቱ ይሆን?" አለ።

ዝግ ማለት ምስጢር ማለት አይደለም። ስብሰባው መኖሩ ይታወቃል፤ የተዘጋው በሩ ብቻ ነው። ዝግ ችሎትም እንደዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በዝግ እንዲታይ የሚፈቅደው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ ነው።

ኅቡዕ ግን ሌላ ነው። ግዕዙ "ኀብአ" ሲል ደበቀ ማለቱ ነው። ኅቡዕ ስብሰባ መኖሩ ራሱ ይደበቃል። ዱለታ ሲሆን ደግሞ ተንኮል ይጨመርበታል። (ዱለት ምግብ ነው፤ እንዳይምታታባችሁ!)

አስቸጋሪው አድማ ነው። ዛሬ አድማ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሥራ ማቆም ነው፤ በ1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች እንደመቱት ዓይነት። "አደመ" ግን በሰው ላይ ተማከረ፣ አሴረም ማለት ነው። "አድመኛ" ብለን ስንሳደብ ይህንኛውን ትርጉም ይዘን ነው።

እኔን የሚገርመኝ ደርግ ነው። ቃሉ ኮሚቴ ከማለት አያልፍም። በሰኔ 1966 ሲቋቋም ግን አባላቱ እነማን እንደሆኑ ሕዝቡ አያውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ብንነግረውም ጎረቤታችን አልተዋጠለትም። "ታዲያ በሩን ለምን ዘጉት?" ብሎ ቶናውን አነሳ።