ሰነድን በስልክ ማረም፣ የድሬዳዋ ልምድ

ድሬዳዋ ውስጥ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ለማስተካከል የግድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ብዙ ሰው ፋይሉን በቴሌግራም ይቀበላል፤ እዚያው ስልኩ ላይ ከፍቶ ያርማል፤ መልሶ ይልካል። ፎቶ ኮፒ ቤት ብቅ የሚለው ለፕሪንት ብቻ ነው። ከዚራ ሰፈርም ሆነ ሳቢያን ነገሩ ያው ነው። በኔትወርክ በኩልም ከተማዋ የራሷ ታሪክ አላት፦ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው እዚህ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም።

ለሥራው የሚውሉት መተግበሪያዎች ጥቂት ናቸው። ማይክሮሶፍት ወርድ ከ10.1 ኢንች በማይበልጥ ስክሪን ላይ መሠረታዊ እርማት በነፃ ያሠራል። ጎግል ዶክስ ለጋራ ሥራ ይመቻል። መምህሩ እርማቱን በአስተያየት መልክ ያስቀምጣል፣ ተማሪው ይቀበላል ወይም ይተወዋል። ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ግን ፋይሉን አስቀድሞ ለዚያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ደብሊውፒኤስ ኦፊስ ዳታ ባይኖርም ስልኩ ላይ ያለውን ፋይል ይከፍታል።

ራስ ምታቱ የሚመጣው ከፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተርና ለስልክ ቁጥር የሚሰጥባቸው የጋራ መዝገብ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ስልክ የሚያውቀውም ያንን ቁጥር ነው። የቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ግን ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉ ተበላሸ ብለው የሚደነግጡ አሉ። አልተበላሸም። እባካችሁ እዚያ ላይ አንድም ነገር አትንኩ፤ ነክታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁት ያኔ ነው የሚበላሸው። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ያለው ሰው ይቀይረዋል፤ ከጠፋ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ዩኒኮድ የሆነውም ሰነድ ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ላይ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ስልክ ላይ ሲከፈት፣ ስልኩ ኒያላ ስለሌለው በራሱ ፎንት ይተካዋል። የፊደሉ ስፋት ይለያያል፤ መስመሩ ይገፋል። እኔ ራሴ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ሳርም ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወርዶ አገኘሁት። ስለዚህ ስልክ ላይ ቃልና ዓረፍተ ነገር ብታርሙ ይበቃል። የገጹን ቅርጽ በስፔስ እየገፋችሁ ለማስተካከል አትድከሙ፤ ሌላ ስልክ ላይ እንደገና ይፈርሳል።

ለዚህ መላው ሲጨርሱ ፒዲኤፍ ማድረግ ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ይህ ዓይነት ፋይል ፎንቱን በውስጡ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ገጹ የትም ቢከፈት አይለወጥም። በዚያው ምክንያት ለማረም አስቸጋሪ ነው። ውስጡ ያለው አንቀጽ ሳይሆን ቦታ ቦታውን የያዘ ፊደል ነው፤ አንድ ቃል ብትጨምሩ ቀሪው አይጠጋም። የወርዱን ፋይል ሳይጥሉ ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስካን የተደረገ ወረቀት ደግሞ ከነአካቴው ፎቶ ነው።

ድሬ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የፊደል መዘበራረቁ አይነካቸውም። የእነሱ ጠላት የእንግሊዝኛው አራሚ ነው። በሁለቱም ቋንቋ አናባቢ ሲደገም ትርጉም ይለወጣል፤ ኪቦርዱ ደግሞ ቃሉን ስህተት መስሎት በእንግሊዝኛ ቃል ይተካዋል። ራሱ የሚያርመውን ማጥፋት ወይም የቋንቋውን ኪቦርድ መጨመር ይገባል። ለአማርኛ የጎግሉ ኪቦርድ፣ ጂቦርድ፣ በቂ ነው።

ሙቀቱም የሥራው አካል ነው። ስልክ ሲግል ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቻርጅ መቀበልም ሊያቆም ይችላል። ረጅም ጽሑፍ ያለበት ሰው ጠዋት ወይም ማታ ቢይዘው ይሻላል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸወደው በመላኩ ላይ ነው። ከቴሌግራም ላይ በቀጥታ የተከፈተ ፋይል ብዙ ጊዜ ለንባብ ብቻ ይከፈታል፣ ወይም እርማቱ ሌላ ቅጂ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ቻቱ ውስጥ ያለው አሮጌው ፋይል ፎርዋርድ ይደረጋል። መጀመሪያ ስልክ ላይ አውርዱት፣ በስሙ መጨረሻ ቀኑን ጨምሩበት፣ አርሙት፣ ከዚያ አዲሱን እንደ ፋይል ላኩ። ስክሪንሾት አትላኩ፤ ፕሪንት ሲደረግ ይደበዝዛል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትደርሱ የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከከፈታችሁ ሳትወጡ ሎግ አውት አድርጉ። የመታወቂያችሁ ኮፒ ወይም ውላችሁ ዴስክቶፑ ላይ ከቀረም አጥፉት፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ።