የቤት ዕቃ ሽያጭ ሰነድ በጎጃም የውስጥ ዲዛይን ሥራ

የውስጥ ዲዛይነር ሶፋ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን ወይም መጋረጃ ለደንበኛው ሲያቀርብ፣ በሰነዱ ላይ የዲዛይን ክፍያውና የዕቃው ዋጋ ተለይተው መስፈር አለባቸው። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሚሠራበት የሰነድ ቅደም ተከተል ከፕሮፎርማ (ከሽያጩ በፊት ከሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ) ተነሥቶ፣ በውልና በቀብድ አልፎ፣ በደረሰኝና በርክክብ ያበቃል።

ጎጃም ለሽያጭ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። በአድባራቱ ብራናዎች ኅዳግ ላይ መሬት የሸጠና የገዛ፣ ዋስና እማኝ የቆመ ሰው ስም እየተጻፈ ኖሯል፤ የጠፍር አልጋ፣ በርጩማና መሶብ ግን በቃልና በእምነት ይሸጡ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተውና ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው አንጋፋው ፖሊቴክኒክ የእንጨት ሥራን በትምህርት ደረጃ በማስተማሩ ለአካባቢው ሙያ ያለው ውለታ ከፍ ያለ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ የዕቃ ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም አይልም። ሆኖም ዲዛይነሩ ወይም አናጺው በራሱ እንጨት ሠርቶ የሚያስረክበው ዕቃ በሕጉ እንደ ሽያጭ ሲቆጠር፣ ደንበኛው ከቤተሰቡ ማሳ የተቆረጠ የዋንዛ ጣውላ አስጭኖ መጥቶ «በዚህ ሥሩልኝ» ካለ ጉዳዩ ወደ ሥራ ውል፣ ማለትም ዕቃው ሳይሆን ሥራው ወደሚከፈልበት ውል፣ ያመዝናል፤ ስለዚህ እንጨቱን ማን እንዳቀረበ በውሉ ላይ መጻፍ ከማንኛውም ዝርዝር ይቀድማል። ቀብድ መቀበል ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በዚህ የተነሣ «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» የሚሉት ቃላት በደረሰኝ ላይ እንደ አንድ ባይጻፉ ይመረጣል።

በግብር በኩል የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) አዋጅ ቁጥር 285/1994 የ15 በመቶ ታክስ አመጣ፤ ምጣኔው በአዋጅ ቁጥር 1341/2016ም አልተለወጠም። ለቫት ላልተመዘገቡት የወጣው የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995 ደግሞ ከዕቃ ሽያጭ 2 በመቶ፣ ከአብዛኛው አገልግሎት 10 በመቶ ያስከፍል ስለነበር፣ ዲዛይንና ሶፋን በአንድ ድምር መጻፍ ለክርክር በር ይከፍት ነበር። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ ሆኗል።

አከራካሪው ነጥብ ኮሚሽን፣ ማለትም ዲዛይነሩ ከዕቃው ግዢ የሚያገኘው ጥቅም ነው። ዲዛይነሩ ዕቃውን ገዝቶ በራሱ ደረሰኝ ከሸጠ ትርፉ የራሱ መሆኑ አያጠያይቅም። በደንበኛው ስም ወኪል ሆኖ ከገዛ ግን፣ ሕጉ ወኪል ከወካዩ ተሰውሮ ጥቅም እንዳያገኝ ስለሚከለክል፣ ከእንጨት ቤቱ የሚሰጠው ቅናሽ ለደንበኛው መገለጽ ይኖርበታል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህ ቅናሽ የድካማቸው ዋጋ ነው ይላሉ፤ ምናልባት ከልማዱ አንጻር ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፣ ካልተጻፈ ግን ለማስረዳት ይቸገራሉ።

በርክክብ ጊዜ ጥሩ ሰነድ «ጠረጴዛ 1» ብሎ አያልፍም፤ «የመመገቢያ ጠረጴዛ፣ ዋንዛ፣ 180 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ከስድስት ወንበር ጋር» ብሎ ይዘረዝራል። ፊቱ ዋንዛ ሆኖ ውስጡ ቺፕውድ የሆነ ቁም ሣጥንም ይህንኑ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ገዢው ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ሕጉ ስለሚጠብቅበት፣ በደረጃ ሲወጣ የተፋቀ ጠርዝ ወይም የማይገጥም መሳቢያ ካለ ከፊርማው በላይ ይጻፋል፤ በዚያው ሰዓት በስልክ የተነሣው ፎቶም ከውሉ ቅጂ ጋር ይቀመጣል።